በ55፣ በ130 እና በ280 ሺህ ብር፦ ጎንደር ላይ የተገጣጠሙ ሦስት የጌም ኮምፒውተሮች (የጉዳይ ጥናት)

በ2017 ዓ.ም. በጋ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾችና አዘዞ ያለው የአጎታቸው ልጅ የጌም ኮምፒውተር በአንድ ላይ ለመግዛት ተስማሙ። ታናሹ 55 ሺህ፣ ታላቁ 130 ሺህ፣ የአጎታቸው ልጅ 280 ሺህ ብር ነበራቸው። ገንዘቡ ሞኒተሩን፣ ዩፒኤሱን (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በባትሪ የሚይዘውን ዕቃ) እና ማጓጓዣውን ሁሉ የሚሸፍን መሆን ነበረበት። ከአዲስ አበባ ሦስት ፕሮፎርማ ተላከላቸው፤ ከመግዛታቸው በፊት አብረናቸው አየነው። ሦስቱም እንዳሉ ቢገዙ ኖሮ ሦስቱም ይከስሩ ነበር፤ የእያንዳንዱ ችግር ግን የተለያየ ነው።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር እናስቀድም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን የዛሬው የግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ሥዕል የሚሠራው ክፍል፣ ከዚህ በኋላ «ካርድ») ዋጋ የሚቀጥለው ወር ላይ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ እዚህ የምናስቀምጠው የእያንዳንዱን ዕቃ ዋጋ ሳይሆን ከጠቅላላው በጀት የወሰደውን ድርሻ ነው። ድርሻው ከዋጋው ይልቅ ረጅም ጊዜ ያገለግላል።

ምን ይጫወታሉ? በምን ስክሪን?

ታናሹ ከጓደኞቹ ጋር በሁለት ጆይስቲክ የእግር ኳስ ጌሙን ኢኤ ኤፍሲ 25ን፣ ለብቻው ደግሞ ጂቲኤ 5ን ይጫወታል። የኢኤ ኤፍሲ 25 ዝቅተኛ መስፈርት ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ካርድ፣ 8 ጂቢ ራምና 100 ጂቢ ቦታ ነው። ባለ 60 ሄርዝ (በሰከንድ 60 ሥዕል የሚያሳይ) ሞኒተር ይበቃዋል። ታላቁ የሚጫወተው ካውንተር ስትራይክ 2 እና ፐብጂ ነው። እነዚህ ከፍተኛ ፍሬም (በሰከንድ የሚሠራ የሥዕል ብዛት) ይፈልጋሉ፣ ፕሮሰሰሩንም ክፉኛ ያሠሩታል። ስለዚህ ባለ 144 ሄርዝ ሞኒተር ከሌለው ጥሩ ካርድ መግዛቱ ትርጉም የለውም። የአጎታቸው ልጅ አዳዲስ ባለ ታሪክ ጌሞችን ይወዳል፤ በተጨማሪ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት ያደርጋል። እሱ በ2560 በ1440 ስክሪን መሥራት ይፈልጋል። ይህ ከ1920 በ1080 ስክሪን ጋር ሲነጻጸር ወደ 78 በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ ፒክስል ስለሆነ ሸክሙ በቀጥታ ካርዱ ላይ ያርፋል።

ይህ ጥያቄ ቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ ፕሮፎርማዎቹ እንደዚያ አይዘበራረቁም ነበር። ለአጎታቸው ልጅ የተላከው ለምሳሌ ውድ ካርድ ከባለ 22 ኢንች 60 ሄርዝ ሞኒተር ጋር ያጣመረ ነበር። በካርዱ የተከፈለበትን ሥዕል ስክሪኑ ማሳየት አይችልም።

ታናሹ፦ 55 ሺህ

ፕሮፎርማው «ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኮር አይ5 6500፣ 8 ጂቢ ራም፣ 500 ጂቢ ሃርድ ዲስክ፣ ከጂቲኤክስ 1060 ጋር» ይላል። ላይ ላዩን ሲያዩት ጥሩ ነው። አብሮ የተላከው ፎቶ ግን ቀጭኑን የቢሮ ኬዝ ያሳያል። በዚያ ኬዝ ውስጥ ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ አይገባም። ቢገባም 1060 እስከ 120 ዋት ይፈልጋል፤ ከማዘርቦርዱ ሶኬት የሚያገኘው ቢበዛ 75 ዋት ነው። ቀሪው ከፓወር ሰፕላዩ (የግድግዳውን መብራት ለክፍሎቹ ከሚያከፋፍለው ዕቃ) በባለ 6 ፒን ገመድ መምጣት አለበት፤ የቀጭኑ ኬዝ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ 180 ዋት ብቻ ነው፣ ትርፍ የካርድ ገመድም የለውም። «ፓወሩን እንቀይረዋለን» የሚል መልስ ከሻጩ መጣ። እነዚህ የቢሮ ማሽኖች ግን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኙት በተለመደው ባለ 24 ፒን ሳይሆን ፋብሪካው ለራሱ በሠራው ሶኬት ነው፤ ከገበያ የተገዛ ፓወር ሰፕላይ ያለ መቀየሪያ ገመድ አይሰካም፣ መጠኑም ከቀጭኑ ኬዝ ጋር አይገጥምም።

ሁለተኛው ምክንያት 6500 ራሱ ነው። 4 ኮር ብቻ ያለው የ6ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ነው፤ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ የሚያቆምበት ቀን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መሆኑም በግዢው ጊዜ የታወቀ ነበር።

የተገዛው ያገለገለ የቢሮ ማሽን ነው፤ ነገር ግን ቀጭኑ ሳይሆን ሰፊው ታወር፣ በውስጡም 6 ኮር ያለው ኮር አይ5 8500። ካርዱ ጂቲኤክስ 1650 ባለ 4 ጂቢ ሆነ። ይህ ካርድ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ባለ 6 ፒን ገመድ ይጠይቃል፣ ሌላው በ75 ዋት ከሶኬቱ ብቻ ይሠራል። ለቢሮ ማሽን የሚሆነው ሁለተኛው ነው፤ ከማዘዝ በፊት የካርዱን የላይኛውን ጠርዝ ፎቶ ማስላክ ያስፈልጋል። ባለ 6 ጂቢው አርቲኤክስ 3050 በ70 ዋት ስለሚሠራ ከዚህ የተሻለ ምርጫ ነበር፣ በጀቱ ግን አልደረሰም። አርኤክስ 6500 ኤክስቲ በዋጋ ቀርቦ ነበር፤ እንዲተው መከርን። የገመድ ጥያቄው እንዳለ ሆኖ፣ ካርዱ የሚጠቀመው 4 የፒሲአይ መስመር (ከማዘርቦርዱ ጋር ዳታ የሚለዋወጥበት መንገድ) ብቻ ነው፣ የ8ኛ ትውልድ ማዘርቦርድ ደግሞ አሮጌውና ቀርፋፋው ፒሲአይ 3.0 ነው። 4 ጂቢ ሜሞሪው ሞልቶ ዳታ በዚያ ጠባብ መንገድ መመላለስ ሲጀምር ጌሙ ይንተፋተፋል።

ያገለገለ ካርድ በስልክ ሲገዛ ሻጩ በቪዲዮ ጥሪ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ፕሮግራም ከፍቶ ያሳይ። 1650 ከሆነ 896 ሼደር (የካርዱ ጥቃቅን አስሊዎች) እና 4096 ሜጋባይት ሜሞሪ መታየት አለበት። ባዮሱ (ውስጡ የተጻፈው መነሻ ፕሮግራም) ተቀይሮ ስሙ የተለወጠ አሮጌ ካርድ ከሆነ ፕሮግራሙ ከስሙ ፊት «ፌክ» የሚል ምልክት ያደርግበታል። ከዚያ ካርዱን በሙሉ ኃይል የሚያሠራውን ፈርማርክ የተባለ ፕሮግራም ለሩብ ሰዓት ያሂድ፤ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም መስመር ከታየ ካርዱ ደክሟል።

የማሽኑ 8 ጂቢ ራም አንድ ቁራጭ ስለነበር ሌላ ባለ 8 ተጨመረለት። ሁለት ቁራጭ በጥንድ ሲሠራ የዳታ መንገዱ እጥፍ ይሆናል፤ በጌም መሀል ድንገት የሚታየው መንቀርፈፍ የሚቀንሰው በዚህ ነው። ዊንዶውሱ 480 ጂቢ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) ላይ ተጫነ። ሞኒተሩ ያገለገለ ባለ 22 ኢንች ነው። ያገለገሉ የቢሮ ሞኒተሮች ብዙዎቹ 1600 በ900 ወይም 1680 በ1050 ስለሆኑ ከጀርባው ያለውን የሞዴል ቁጥር ማጣራት ተገቢ ነው። ከበጀቱ ማሽኑ 40 በመቶ፣ ካርዱ 30 በመቶ ገደማ ወሰደ።

ታላቁ፦ 130 ሺህ

እዚህ ላይ ብዙ እንቆያለን፤ ጎንደር ውስጥም ሆነ ሌላ ቦታ አብዛኛው ገዢ የሚያመጣው በጀት ይህን የሚመስል ነውና።

ፕሮፎርማው «ኮር አይ7፣ 16 ጂቢ፣ አርኤክስ 580 8 ጂቢ፣ 600 ዋት፣ አርጂቢ ኬዝ» ብቻ ነበር። «ኮር አይ7» ብቻውን ምንም አይነግርም። የሞዴሉ ቁጥር ሲጠየቅ 4790 ሆኖ ተገኘ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 የወጣ፣ ዲዲአር3 ራም የሚጠቀም ፕሮሰሰር ነው። ካርዱም ሲጣራ «2048ኤስፒ» የሚባለው ሆነ። እውነተኛው 580 2304 ሼደር አለው፤ ይኸኛው በሼደር ብዛቱ ከ570 ጋር እኩል ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ፓወር ሰፕላዩ ነበር። ሳጥኑ ላይ 600 ዋት ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ፎቶ አስነስተን ስናነብ በ12 ቮልቱ ሥር 25 አምፒር ይላል። 12 ሲባዛ 25፣ 300 ዋት። ፕሮሰሰሩና ካርዱ የሚበሉት ከ12 ቮልቱ ስለሆነ ዕቃው ለጌም የ300 ዋት ዕቃ ነው። በደንብ የተሠራ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ በ12 ቮልቱ ላይ 45 አምፒር አካባቢ ያሳያል። የዚያ ዓይነቱ ርካሽ ዕቃ ሌላ ምልክትም አለው፤ ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ ይኖረዋል። በ115 ላይ ቀርቶ እኛ አገር 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ወዲያው ፈንድቶ ይቃጠላል። ከተገዛም ሳይሰካ በፊት ማብሪያውን ማየት ግድ ነው።

በምትኩ የተመረጠው ራይዘን 5 5600፣ ቢ550ኤም ማዘርቦርድ፣ ሁለት ባለ 8 ጂቢ ዲዲአር4 3200 ራም፣ 1 ቴራ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ፣ አርኤክስ 6600 ባለ 8 ጂቢ ካርድ፣ 550 ዋት ባለ ብሮንዝ ደረጃ ፓወር ሰፕላይ ነው። 6600 የሚበላው 132 ዋት ብቻ ሆኖ ከባለ 8 ጂቢው አርቲኤክስ 3050 በግልጽ ይፈጥናል። ቢ450 ማዘርቦርድ በርካሽ ቀርቦ ነበር፤ መጋዘን ውስጥ የቆየ ከሆነ ግን ባዮሱ 5600ን ላያውቀው ይችላል። ለማደስ ደግሞ በብዙዎቹ ላይ አሮጌ ፕሮሰሰር ያስፈልጋል፤ ያንን ጎንደር ላይ ፈልጎ ከመንከራተት ልዩነቱን መክፈል ይሻላል።

5600 የራሱ ግራፊክስ የለውም። ካርዱ ከተበላሸ ስክሪኑ ባዶ ይሆናል፤ ካርዱ አዲስ አበባ ለጋራንቲ ሄዶ እስኪመለስ ማሽኑ ዝም ብሎ ይቀመጣል። በዚህ ምክንያት ታላቁ ግራፊክስ ያለውን 5600ጂ እንውሰድ ብሎ ነበር። ስጋቱ ልክ ነው። ይሁን እንጂ 5600ጂ ያለው ካሽ (የፕሮሰሰሩ ውስጣዊ ሜሞሪ) 16 ሜጋባይት፣ የ5600 ግን 32 ነው፤ ለካውንተር ስትራይክ ዓይነት ጌም ይህ ልዩነት ይሰማል። ከእነ ስጋቱ 5600 ተወሰደ።

ኬዙ ፊቱ በመስታወት የተዘጋው አርጂቢ (ባለ ቀለም መብራቱ) ቀርቶ ፊቱ ወንፊት የሆነ ርካሽ ኬዝ ሆነ። ድርሻው ሲሰላ ካርዱ 31 በመቶ፣ ፕሮሰሰርና ማዘርቦርዱ 25፣ ባለ 24 ኢንች 144 ሄርዝ ሞኒተሩ 14፣ ራምና ኤስኤስዲው 11፣ ፓወር ሰፕላዩ 7፣ ዩፒኤሱ 6 በመቶ ገደማ፣ የቀረው ለኬዝና ለመንገድ ሆነ። ከዚህ ውስጥ ገንዘብ ቢያጥር መቀነስ ያለበት ኤስኤስዲው ወደ 500 ጂቢ ነው። ፓወር ሰፕላዩ አይነካም።

የአጎታቸው ልጅ፦ 280 ሺህ

ገንዘብ ሲበዛ ምርጫው ይቀላል። ፕሮፎርማው ላይ የነበረው የውሃ ማቀዝቀዣና የመብራት ጌጥ ወጣ፤ የተረፈው ወደ ሞኒተሩ ሄደ። ራይዘን 5 7600 ከራሱ ማቀዝቀዣ ጋር ይመጣል፣ መጠነኛ ግራፊክስም ስላለው ካርድ ቢበላሽ ማሽኑ አይሞትም። ራሙ ለቪዲዮ ሥራው ሲባል ሁለት ባለ 16 ጂቢ ዲዲአር5 6000 ሆነ። ካርዱ አርቲኤክስ 4070 ባለ 12 ጂቢ ነው። አርኤክስ 7800 ኤክስቲ 16 ጂቢ ሜሞሪ ስላለው ተመዝኖ ነበር፤ 263 ዋት ይበላል፣ 4070 ግን 200 ዋት። መብራት በሚጠፋበት ቤት ያ የ63 ዋት ልዩነት ትልቅ ዩፒኤስ ማለት ነው። ለቪዲዮ ኤዲቲንግም እንደ 4070 ያለ የኢንቪዲያ ካርድ በብዙ ፕሮግራሞች ይደገፋል።

መንገዱና ገጠማው

ከአዲስ አበባ ጎንደር መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ይወጣል። ተገጣጥሞ የሚላክ ማሽን ውስጥ ከባድ ካርድ ተሰክቶ ከሄደ በመንገዱ ንቅናቄ ሶኬቱን ሊሰብር ይችላል። ስለዚህ ዕቃው በየካርቶኑ ተልኮ የተገጠመው ጎንደር ላይ ነው፤ የታናሹ ታወርም ካርዱ ወጥቶ ለብቻው ታሽጎ ነው የመጣው።

በገጠማ ላይ ሰው በብዛት የሚሳሳትባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። 5600 ከሥሩ ፒን ስላለው ማዕዘኑ ላይ ያለው ሦስት ማዕዘን ምልክት ከሶኬቱ ምልክት ጋር ገጥሞ በራሱ ክብደት መግባት አለበት፤ ከተጫኑት ይታጠፋል። አራት የራም ሶኬት ባለው ማዘርቦርድ ሁለቱ ቁራጮች ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ይገባሉ። የፕሮሰሰሩ ባለ 8 ፒን ገመድና የካርዱ ባለ 8 ፒን ገመድ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም፤ ያለ ቦታው አንዱን በጉልበት ማስገባት ዕቃ ያቃጥላል። የሞኒተሩ ገመድ የሚሰካው ካርዱ ላይ ነው። ባዮስ ውስጥ ገብቶ ኤክስኤምፒን ወይም ኤክስፖን (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያሠራውን ምርጫ) ማብራት ደግሞ ይረሳል፤ ካልበራ የ3200ው ራም በ2133 ወይም በ2400 ይሠራል።

ከተገጠመ በኋላ የታየው

ሦስቱም ማሽኖች በተነሱበት ቀን ሠሩ። ችግሩ የመጣው መብራት መጥፋት ሲጀምር ነው።

የታላቁ ማሽን ዴስክቶፕ ላይ እያለ መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ይይዘዋል። ጌም ላይ እያለ ሲሄድ ግን ማሽኑ አብሮ ጭልም ይላል። ዩፒኤሱ 650 ቪኤ ይላል፤ በዋት ሲታይ 360 ነው። ማሽኑና ሞኒተሩ በጌም ጊዜ ከግድግዳው ወደ 300 ዋት ይወስዳሉ። በቁጥር ይበቃል፣ በተግባር አልያዘም። በመጀመሪያ ዲቫይደሩ ላይ የነበሩት ስፒከርና ራውተር ተነቀሉ፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ የተጠረጠረው የሞገዱ ቅርጽ ነው፤ ርካሽ ዩፒኤስ በባትሪ ሲሠራ የሚያወጣው ሞገድ ደረጃ ደረጃ ያለው ስለሆነ አንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች አይስማማቸውም። ይህን ለመለየት ጌሙ በ60 ፍሬም ተገድቦ የዩፒኤሱ መሰኪያ ከግድግዳው ተነቀለ። ያዘ። ሞገዱ ያው ሆኖ ሸክሙ ሲቀንስ ከያዘ ጥርጣሬው ከሞገዱ ይልቅ ወደ ሸክሙ ይዞራል።

ምክንያቱ ባትሪው ነው። በዚህ መጠን ያለ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው አንድ ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ነው። 300 ዋት ለመስጠት፣ በመቀየሪያው የሚባክነው ሲታከል፣ ወደ 29 አምፒር መሳብ አለበት። መደርደሪያ ላይ ሳይሞላ ወራት የቆየ ባትሪ በዚያ ሸክም ቮልቴጁ በአንዴ ይወርድና ዩፒኤሱ ራሱን ያጠፋል። በሁለት ባትሪ በ24 ቮልት የሚሠራ ባለ 1200 ቪኤ ተተካ፤ እያንዳንዱ ባትሪ የሚሸከመው አምፒር በግማሽ ስለወረደ ጌም ላይ እያለም መብራት ሲሄድ ያዘ። አሮጌው ለራውተሩና ለቴሌቪዥኑ ዋለ። የታናሹ ማሽን ከ180 ዋት ስለማያልፍ 650ው በቂው ነው። ዩፒኤስ ሲገዛ እዚያው ሱቅ ውስጥ 300 ዋት የሚበላ ነገር ሰክቶ ከግድግዳው ነቅሎ ማየት ነው፤ ሣጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ስለ ባትሪው ጤና አይናገርም።

ሁለተኛው ነገር እናታቸው ያገኙት ነው። የታላቁን ኬዝ በእርጥብ ጨርቅ ሲወለውሉ «ኧረ ልጆቼ፣ ይሄ ነገር ነዘረኝ!» አሉ። ፓወር ሰፕላዩ ግን ጤነኛ ነበር። በውስጡ ያሉት የማጣሪያ ካፓሲተሮች ሁለቱን የመብራት መስመሮች ከኬዙና ከምድር ገመዱ ጋር ያገናኛሉ፤ የቤቱ ሶኬት ምድር ከሌለው ኬዙ ላይ የግማሹን መስመር ያህል ቮልቴጅ ይቆማል። አምፒሩ በጣም ትንሽ ስለሆነ መንዘር ብቻ ነው፣ ሆኖም ያ ምድር የሌለው ሶኬት እውነተኛ ብልሽት በሚመጣበት ቀን ሰው ይገድላል። ኤሌክትሪሺያን ተጠርቶ ጓሮው ላይ የምድር ዘንግ ተቀበረ፣ ሶኬቱም ተቀየረ። መንዘሩ ቆመ። ባለ ሁለት ቀዳዳ ዲቫይደር ከመሀል ገብቶ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ሥራ ዋጋ የለውም፤ የምድር መስመሩ እዚያ ላይ ይቋረጣልና።

አዘዞ ላይ የአጎታቸው ልጅ ሁለት ቅሬታ ነበረው። አንደኛው «ጌሙ እንደተባለው አይፈስም» የሚል ነው፤ ባለ 165 ሄርዝ ሞኒተሩ በዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ 60 ላይ ቀርቶ ነበር። ከዲስፕሌይፖርት ገመድ ጋር ተገናኝቶ ቁጥሩ ሲቀየር ቅሬታው እዚያው አለቀ። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ካርዱ 82 ዲግሪ ይደርስና ፋኑ ይጮኻል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ አንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ይዞ የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። በተጨማሪ ማሽኑ የተቀመጠው ቡና የሚፈላበት ሳሎን ወለል ላይ ነበር። የእጣንና የከሰል ጭስ ከበጋው አቧራ ጋር ሲቀላቀል ማጣሪያው ላይ በእስትንፋስ የማይነሳ ቅባታማ ሽፋን ይሠራል። ማጣሪያው በሳሙና ታጥቦ ደርቆ ገባ፣ ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ወጣ፣ ከፊት አንድ ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋን ተጨመረ። ያው ጌም 73 ዲግሪ ላይ ቆመ። ማጣሪያው በበጋ በየሦስት ሳምንቱ፣ በክረምት በየሁለት ወሩ ቢታጠብ ይበቃዋል።

100 ጂቢ ጌም በሞባይል ዳታ ማውረድ ከባድ ስለሆነ ሦስቱ በአንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይቀባበላሉ። ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫ ፕሮግራም የተገኘውን ጌም ማህደር «ስቲምአፕስ» ውስጥ ባለው ቦታው ገልብጦ ከዚያ «ኢንስቶል» ሲባል ፕሮግራሙ ያለውን ፋይል አጣርቶ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። የጌሙ ባለቤትነት ግን በየአካውንቱ መኖር አለበት።

ታናሹ አሁን ለቀጣዩ ዙር እየቆጠበ ነው። ኤስኤስዲው፣ ሞኒተሩና ሁለቱ የዲዲአር4 ራሞች ቢ550 ማዘርቦርድ ላይ አብረውት ይሄዳሉ፤ ራሙ 2666 ስለሆነ ከ3200ው ትንሽ ይዘገያል። ኬዙ፣ ማዘርቦርዱና ፓወር ሰፕላዩ የሚሸጡት ከነፕሮሰሰሩ እንደ ቢሮ ማሽን ነው፤ ስለዚህ ኬዙን እንዳይቆርጥ፣ ፓወሩንም እንዳይነካካ ተነግሮታል።